የናሱ ቀለም ዕቃና የእርሳሱ ፊደል

እሑድ ጠዋት ሮም ውስጥ፣ ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ፣ ፖርታ ፖርቴሴ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አዲስ አበቤ እዚያ ቢደርስ ብዙ እንግድነት አይሰማውም። የተሰበረ ሰዓት፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ቁልፍ፣ የወታደር ልብስ ቁልፎች፣ ክዳን ያጣ ጀበና መሳይ ነገር በየምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች እንዲህ ባሉ ገበያዎች ዓይናቸውን ከሚጥሉባቸው ነገሮች አንዱ የቱርክ የናስ ድቪት ነው።

ድቪት የጸሐፊ ዕቃ ነው። ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚረዝም ጠባብ የናስ ሣጥን ሲሆን በአንደኛው ጫፉ ጎን እንደ ትንሽ ገንቦ ያበጠ የቀለም ማስቀመጫ ተያይዞለታል። ጸሐፊው ሣጥኑን በመቀነቱ ውስጥ ይሰካዋል፤ ያበጠው የቀለም ዕቃ ከላይ ስለሚይዘው ወደ ታች አይንሸራተትም። በሣጥኑ ውስጥ የመቃ ብዕሮች ይተኛሉ። የቀለሙ ማስቀመጫ ግን ለመንገደኛ የታሰበ ብልሃት አለው። ቀለሙ ልቅ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሊካ በሚባል ጥሬ የሐር ጥጥ ውስጥ ይሰርጋል። ብዕሩ ሐሩን ሲነካ የሚበቃውን ያህል ይጠጣል፤ ሰውየው በፈረስ ቢጋልብ እንኳ ቀለሙ አይደፋም። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሌሎች ጓዶች ነበሩት፦ ብዕር መቅረጫ ቢላ፣ ማክታ የሚባል ብዕሩን አስደግፈው ጫፉን የሚቆርጡበት የዝሆን ጥርስ ወይም የአጥንት ጠፍጣፋ፣ ያልደረቀ ጽሑፍ ላይ የሚነሰነስ ደቃቅ አሸዋ መያዣ።

አዋቂ ሰብሳቢ ድቪት ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው ጌጡን አይደለም። ገልብጦ የአንጥረኛውን ማኅተም ይፈልጋል፤ ቀጥሎ የክዳኑን ማጠፊያ በጣቱ ይነካል። ዘወትር ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ማጠፊያ የራሱ ልስላሴ አለው፤ ለቱሪስት ተብሎ ትናንት የተሠራ ዕቃ ይህን ሊያስመስል አይችልም። በመጨረሻም ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ ያያል። በጉድጓዱ ግርጌ የደረቀ ጥቁር ቀለም ካገኘ ደስ ይለዋል፤ ዕቃው ሲሠራበት ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ገበያ ተነሥቶ የያኒኩሎን ኮረብታ ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ቫቲካን ይደርሳል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በአትክልቱ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሮማውያን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይሏታል። በበሯ ላይ መስቀል የያዘ በግ በድንጋይ ተቀርጿል። ይህ ትረካ የዚያች ቤት ጸሐፊዎችና የጽሕፈት ዕቃ ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የሐበሻ መነኮሳት ወደዚህ አገር መምጣት የጀመሩት ከኢየሩሳሌም ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌሙ ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን ለታላቁ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎሬንስ ገቡ፤ ሮምንም አዩ። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 4ኛ ዘመን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከጎኗ ካለው ማረፊያ ጋር ለኢትዮጵያውያን ተሰጠች። ከዚያ ወዲያ ሮም የሚደርስ ሐበሻ ማደሪያና ግዕዝ የሚያነብ ሰው አያጣም ነበር።

እነዚህ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሙያ ከድቪት ዓለም የተለየ ነበር። የአገራችን ቁም ጸሐፊ ጠረጴዛ አያውቅም። ብራናውን በጉልበቱ ላይ ያስደግፋል፤ ቀለሙን የያዘውን የከብት ቀንድ አጠገቡ መሬት ላይ ይተክላል። አንዱ ቀንድ የጥቁር ነው፣ አንዱ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት የሚሆን የቀይ። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ከተቆላና ከተወቀጠ እህልና ከሙጫ ተደባልቆ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የሚበስል ነው። ብዕሩ መቃ ነው፤ በግዕዝ ብርዕ ማለት ራሱ መቃ ማለት ነው። መስመሩን በወስፌ ያሰምራል። የቱርኩ ዕቃ ለሚንቀሳቀስ ጸሐፊ የተሠራ ከሆነ፣ የሐበሻው ቀንድ ተቀምጦ ለሚጽፍ፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ለሚቆጥር ሰው ነው።

በ1511 ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ የሐበሾቹን ጸሎት ሰማ። ዜማው ገረመው፤ ቋንቋውንም የከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ ገመተ። ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን ከመማር አልከለከለውም። ከኢየሩሳሌም ከመጣ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል መነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። በ1513 ማርቼሎ ዚልበር በሚባል አታሚ ቤት የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ታትሞ ወጣ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው።

ይህ ምን ያህል ድካም እንደነበር ለማወቅ የፊደሉን ቁጥር ማሰብ ይበቃል። 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ እነ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ በአምስት አምስት ሲታከሉ 202፤ ቁጥሮቹ ደግሞ 20። በዚያ ዘመን አሠራር አንዱ ፊደል መጀመሪያ በብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ያ ብረት በመዳብ ቁራጭ ላይ ተመትቶ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። በመዳቡ ጉድጓድ ላይ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ይህን ሥራ ግዕዙ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ጠየቀ። ፖትከን ፊደሎቹን ወደ ኮሎኝ ይዟቸው ሄዶ በ1518 በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲንና በግዕዝ ጎን ለጎን መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ።

በእነዚያው ዓመታት የመነኮሳቱ መንገድ ባለቤት ተለወጠ። በ1516 እና በ1517 የቱርኩ ሱልጣን ሰሊም ሶርያን፣ ኢየሩሳሌምንና ግብፅን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሮም የሚደርስ ሰው በቱርክ ግዛት ማለፍ ግዱ ሆነ። በየቃዲው ችሎትና በየወደቡ ደጃፍ የሚያገኘው ጸሐፊ ድቪቱን በመቀነቱ የሰካ ሰው ነበር። ስምን የሚመዘግብ፣ ግብርን የሚቆርጥ፣ ማለፊያ የሚሰጥ እጅ ከዚያ ናስ ነበር የሚነሣው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ እሳት ተነሣ። በ1529 የጀመረው የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ በ1531 ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። መጻሕፍት ከነማኅደራቸው ነደዱ። ከዚያ ገዳም የወጡ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ ሊቅ በ1530ዎቹ ከጓደኞቻቸው ከአባ ተንሥአ ወልድና ከአባ ዘሥላሴ ጋር ብራናቸውን ይዘው ሮም ገቡና በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። ሮማውያን ሐበሻው ጴጥሮስ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛና ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ያከብሯቸው ነበር፤ ቼርቪኒ በኋላ ራሱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኗል። ተስፋ ጽዮን ግን አንድ ነገር ነበር የሚያሳስባቸው። በብራና ያለ መጽሐፍ አንድ ነው፣ ይነድዳል፤ በእርሳስ የታተመ ብዙ ነው፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

በ1548 እና በ1549 በቫሌሪዮ ዶሪኮና በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ወጣ፤ መጽሐፈ ቅዳሴም አብሮት ታተመ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ማሰብ አያስቸግርም። ፊደል ለቃሚው ጣሊያናዊ ነው፤ ከፊቱ ባለው ሣጥን ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ዓይነት የእርሳስ ቁራጭ ተከማችቷል። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ ቡ ላይ ጭረቷ ከወገብ ትወጣለች፣ ቢ ላይ ከእግር። ለእኛ ሕፃን የሚለየው ነገር ነው። ለዚያ ሰው ግን፣ ያውም ተገልብጦ ሲታይ፣ ሁለቱም አንድ የእርሳስ ቁራጭ ናቸው። መነኮሳቱ በበኩላቸው ማንበብ እንጂ ማተም አያውቁም። በመጽሐፉ መጨረሻ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ ይህንኑ ነው የተናዘዙት፤ አታሚዎቹ ንባቡን፣ እኛ ሕትመቱን አላወቅንም፣ ስሕተቱን በቸርነት እለፉልን ነው ነገሩ። በእጃቸው ያለው ብራናም ሙሉ አልነበረም። ከግብረ ሐዋርያት የጎደለውን ብዙ ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው ሞሉት።

ይህ ሲሆን በኢስታንቡል የተለየ ነገር ይካሄድ ነበር። በ1550 የሱለይማኒዬ መስጊድ ግንባታ ተጀመረ፤ የዘይት መብራቶቹ ጥላሸት በአንድ ስፍራ እየተጠራቀመ ለጸሐፊዎች ቀለም ይውል እንደነበር ይነገራል። ከተማዋ የእጅ ጽሕፈትን ወደ ላይኛው ጥበብ አደረሰች። አይሁድ በዕብራይስጥ ፊደል በዚያች ከተማ ያትሙ ነበር፤ ቱርኮቹ በሚጽፉበት በአረብ ፊደል ግን በኢብራሂም ሙተፈሪቃ ማተሚያ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1729 ነው። ይህም፣ ግዕዝ በሮም ከታተመ ከ216 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የድቪት አንጥረኛ ለምን ያን ያህል ዘመን ሥራ አላጣም ቢባል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የመንግሥቱ ጽሑፍ ሁሉ በእጅ ይጻፍ ነበርና ናሱ ተፈላጊ ሆኖ ቆየ።

በ1552 አባ ተስፋ ጽዮን ያስተማሩት ማርያኖ ቪቶሪ የግዕዝ ሰዋስው በሮም አሳተመ። ለኤውሮጳ የመጀመሪያው ነው። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። ያን ጊዜ ከደጋው ወርዶ ባሕር የሚሻገር መነኩሴ ገና ከአገሩ በር ሳይወጣ ድቪት የሰካ ጸሐፊ ይጠብቀው ጀመር። አባ ተስፋ ጽዮን ራሳቸው ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ የመቃብራቸው ድንጋይ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።

የሚቀጥለው መቶ ዓመት፣ የሚስዮን ሥራ የሚመራው የሮም ማኅበር፣ የፕሮፓጋንዳ ፊዴ፣ ማተሚያ ዘመን ነው። በ1626 ተቋቁሞ በ1631 የሐበሻ ፊደል መማሪያ፣ በ1638 ደግሞ የያዕቆብ ዌመርስን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። የግዕዝ ፊደል በሮም የእርሳስ ሣጥን ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ሆነ።

በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ የቅዱስ እስጢፋኖስን በር አንኳኳ። ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ የኤርፉርት ልጅ ነው። ሮም የመጣው ለስዊድን መንግሥት የጠፋ ሰነድ ሊፈልግ ነበር። ግዕዝን ግን አስቀድሞ ከታተሙት መጻሕፍት ብቻውን ሲለማመድ ኖሯል። በዓይኑ እንጂ በጆሮው አልተማረውም። በሐበሾቹ ቤት አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። እኚህ ሰው የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከእነሱ ጋር የተሰደዱ ነበሩ። ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው መገናኛቸው ግዕዝ ሆነ። ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው ቤት የተደከመበት የታተመ ግዕዝ ሁለት ሰዎችን አገናኘ ማለት ነው።

ሉዶልፍ አንድ ነገር ቶሎ ገባው። አባ ጎርጎርዮስ የሚጸልዩበትና የሚጽፉበት ግዕዝ ነው፤ የሚያስቡበትና የሚቀልዱበት ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይጠይቃቸው ጀመር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጠሩ። መነኩሴው አልፕስን ተሻግረው ሄዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ አዝርዕቱ፣ ስለ ወንዙ እየተጠየቁ ሲመልሱ ሉዶልፍ ይጽፍ ነበር። ጎርጎርዮስም ከተለያዩ በኋላ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ መርከብ ተሳፈሩ። መርከቡ በአሌክሳንድሬታ፣ ዛሬ ቱርኮች ኢስኬንደሩን በሚሏት ወደብ አጠገብ፣ ተሰበረ። እሳቸውም ሰጠሙ። ቀለም ቀንድ ይዘው ከነበረም አብሮ ሰጥሟል። የደከሙበት ነገር ግን ሉዶልፍ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩን ሐተታ ከጎርጎርዮስ ምስል ጋር አሳተመ። በ1698፣ አባ ጎርጎርዮስ በሞቱ በ40ኛው ዓመት፣ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ታተሙ። ዛሬ አማርኛን በሰዋስው መልክ የምናጠና ሁሉ ከአንድ የመካነ ሥላሴ መነኩሴ አፍ የወጣውን ቃል እንቆጥራለን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የመነኮሳቱ ቁጥር ቀነሰ፤ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌሜንጦስ 11ኛ ዘመን ታደሰች። በ1863 ምጽዋ ላይ፣ ያኔም በቱርክ ሰንደቅ ሥር በነበረችው ወደብ፣ የላዛሪስት ማኅበር ሚስዮናዊው ሎሬንሶ ቢያንኬሪ የማተሚያ መሣሪያ አቆሙ። የእርሳሱ ፊደል ድቪት ወደሚገዛው ወደብ ደረሰ።

የድቪቱ ሥራ ግን እየቀዘቀዘ ነበር። ከኢንግላንድ የሚመጣው የብረት ብዕር፣ ቀጥሎም ራሱ ቀለም የሚይዘው ብዕር መቃውን ገፉት። በናስ የተሠራው ዕቃ ከመቀነት ወርዶ በጠረጴዛ ላይ ጌጥ ሆነ። የመጨረሻው ምት የመጣው በ1928 ነው። በኖቬምበር 1 የቱርክ ምክር ቤት የአረቡን ፊደል በላቲን የሚተካ ሕግ አጸደቀ፤ ከ1929 መግቢያ ጀምሮ አዲሱ ፊደል ግዴታ ሆነ። ሰያፍ ጫፍ ያለው መቃ፣ ሐር የተኛበት ቀለም፣ ማክታው፣ አሸዋው ሁሉ በአንድ ሕግ ሥራ ፈቱ። ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ትውልድ የአያቱን ድቪት ለነጋዴ ሸጠ። በቶፕካፒ ቤተ መንግሥትና በሳባንጂ ሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚታየው፣ በየአገሩ የአሮጌ ገበያ የሚዞረው ናስ በአብዛኛው ከዚህ የወረደ ነው።

በሮም በእነዚያው ዓመታት የሆነው ሌላ ነው። በ1919 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ኮሌጅ ከፈቱ። በ1929 ቫቲካን ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ በ1930 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ኮሌጁን በአትክልቱ ውስጥ በአዲስ ሕንፃ አቋቋሙት። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛው ኮሌጅ ነው። ኢስታንቡል ፊደሏን ከለወጠች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የግዕዝ ፊደል የሚቆጠርበት ቤት በቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ አዲስ ጣሪያ አገኘ።

ስለዚህ በእሑዱ ገበያ የቱርክ ድቪት የሚያገኝ ሰው ጥሩ ዕቃ አግኝቷል፤ ማጠፊያው ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ፣ በጉድጓዱ ግርጌ የደረቀው ጥቁር ነገር ዋጋ አለው። ግን ዕቃው የተረፈው ፊደሉ ስለተለወጠ መሆኑን ያስታውስ። በቅዱስ እስጢፋኖስ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀንዱ ተሰብሯል፣ መቃው ተቆርጦ ተቆርጦ አልቋል፣ የዶሪኮ እርሳስ ቀልጧል። የቀረው ፊደሉ ነው፤ ዛሬ በስልኩ ቡ ጽፎ ቢ የሆነበት ልጅ ወዲያው ሰርዞ ያስተካክለዋል። የጭረቷን ቦታ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።